«ባይፖላር ሁለት» ማለት ሁለተኛ ደረጃ ላይ ደረሰ ማለት ነው?

ለዚህ እትም ሦስት ደብዳቤ መርጫለሁ። ሦስቱም ስለ ባይፖላር ናቸው፤ ስሜት አንዴ ከልክ በላይ ወደ ላይ የሚወጣበት፣ አንዴ ወደ ድባቴ የሚወርድበት የአእምሮ ሕመም ነው። የመጀመሪያው ስለሚከብድ መልሱም ይረዝማል፤ ቅር አይበላችሁ። ዓምዱን አዲስ ለምታነቡት፦ እኔ የአእምሮ ሕክምና ነርስ ነኝ። 22 ዓመት ታካሚዎች ተኝተው በሚታከሙበት ክፍል ሠርቻለሁ፤ አብዛኛውን ጊዜ የሌሊት ተረኛ ሆኜ። ሐኪም አይደለሁም። መድኃኒት አላዝም፤ ደብዳቤ አንብቤም «ሕመምህ ይህ ነው» አልልም። ያየሁትንና የማውቀውን ግን አልደብቅም።

ጥያቄ አንድ

«ጤና ይስጥልኝ ሲስተር። ባለቤቴ 38 ዓመቱ ነው። ከሁለት ዓመት በፊት ከአልጋ መነሳት አቃተው። ሥራ ቀረ፤ ገላውን መታጠብ ተወ፤ ልጆቹ ሲጠሩት ፊቱን ወደ ግድግዳ ያዞር ነበር። ሐኪም ድባቴ ነው ብሎ መድኃኒት ጀመረለት። በሦስተኛው ሳምንት ተነሳ። ተመስገን አልኩ። ግን መነሳት ብቻ አልነበረም። በቀን ሦስት ሰዓት ቢተኛ ነው። አንድ ሌሊት ስምንት ሰዓት ላይ ለአለቃው 14 ገጽ ደብዳቤ ጽፎ ላከለት። የሦስት ወር ደመወዙን ለማያስፈልገን ዕቃ አወጣው። ሥራ ግን አልቀረም፤ እንዲያውም ከሁሉ ቀድሞ ይገባ ነበር። ከዚያ መልሶ ወደቀ። ባለፈው ወር ሌላ ሐኪም ‹ባይፖላር ሁለት ነው› አለን። የአጎቱ ልጅም ባይፖላር አለበት፤ እሱ ግን ‹አንድ› ተብሎ ሁለት ጊዜ ሆስፒታል ተኝቷል። ታዲያ ባለቤቴ ወደ ሁለት አደገ ማለት ነው? ወይስ ሁለት ቀለል ያለው ነው? የመጀመሪያው ሐኪም ተሳስቶ ነበር? እናቱን ብጠይቃት ‹ልጄ እኮ ድሮ ጎበዝ ነበር፤ ከመጋባታችሁ በፊት አንድ ሰሞን እንቅልፍ የሚባል አያውቅም ነበር› አለችኝ። ልጆቻችንስ?»
የሁለት ልጆች እናት

እህቴ፣ መጀመሪያ ቁጥሩን ላቅልልልሽ። አንድና ሁለት ደረጃ አይደሉም። ካንሰር ላይ «ደረጃ አንድ፣ ደረጃ ሁለት» ሲባል ስለለመድን ጆሯችን ወደዚያው ይሄዳል። እዚህ ግን ቁጥሩ የቤት ቁጥር ነው እንጂ የፎቅ ቁጥር አይደለም። ሁለቱ ጎረቤታሞች ናቸው፤ አንዱ ከሌላው በላይ አልተሠራም። እንዲያውም ለውጥ ከመጣ ከሁለት ወደ አንድ ነው። ባይፖላር ሁለት ከተባሉ 100 ሰዎች ከ5 እስከ 15 የሚሆኑት በኋላ ሙሉ ማኒያ (ስሜትና ጉልበት ከልክ በላይ የሚወጣበት ሁኔታ) ይገጥማቸውና ስሙ ወደ «አንድ» ይቀየራል። «አንድ»፣ «ሁለት» የሚለውን ስም ያወጡትን ሰዎች ባገኛቸው፣ ምነው ፊደል በሰጣችሁት እላቸው ነበር። ስንቱን ቤተሰብ አስደነገጠ።

ልዩነቱ ሰውዬው ወደ ላይ ሲወጣ ምን ያህል እንደሚወጣ ነው።

ባይፖላር አንድ የሚባለው ቢያንስ አንድ ጊዜ ማኒያ የያዘው ሰው ነው። ማኒያ ቢያንስ አንድ ሳምንት ይቆያል፤ ሆስፒታል የሚያስተኛ ከሆነ ግን ቀን አይቆጠርለትም። ምን እንደሚመስል በቃል ከምነግርሽ አንድ ሰው ላሳይሽ። ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ሁለት ወንድሞቹ ይዘውት መጡ። ሁለት ኮት ደርቧል። በአምስት ቀን ውስጥ የተኛው ተደማምሮ አራት ሰዓት አይሞላም፤ ድካም ግን የለበትም። ድምፁ ከማውራት ብዛት ሰልሏል፤ ያም ሆኖ አያቆምም። የደም ግፊቱን ስለካው በሌላኛው እጁ ይጽፋል። የዓለምን ትምህርት ቤቶች በሙሉ በአንድ ስልክ የማገናኘት ሥራ እንደተሰጠው ነገረኝ። እኔንም ምክትሉ አድርጎ ሾመኝ። ሳቄን ዋጥ አደረግሁ። ወንድሞቹ ግን አልሳቁም፤ ትልቁ በሩ ጋ ቆሞ ያለቅስ ነበር። ማኒያ ሲብስ እንዲህ ነው፤ የሌለ ድምፅ መስማት፣ የሌለ ሹመት ማመን ሁሉ ሊመጣ ይችላል። የባልሽ የአጎት ልጅ ሁለት ጊዜ የተኛው ለዚህ ይሆናል። ባይፖላር አንድ ለመባል ድባቴ የግድ አይደለም፤ ብዙዎቹን ግን መያዙ አይቀርም።

ባይፖላር ሁለት ላይ ወደ ላይ የሚወጣው ሃይፖማኒያ ይባላል። «ሃይፖ» በግሪክኛ ከበታች ማለት ነው፤ ከማኒያ በታች። ቢያንስ አራት ቀን ይቆያል። እንቅልፍ ይቀንሳል፣ ወሬ ይበዛል፣ ሐሳብ ይጣደፋል፣ ገንዘብ ይፈስሳል። ግን ሰውየው ሥራው ላይ ነው። ከእውነታው አልተለየም፤ ሆስፒታልም አያስተኛውም። የሌለ ድምፅ መስማት ከጀመረ ሃይፖማኒያ መባሉ ያበቃል፤ ማኒያ ሆነ ማለት ነው። ባይፖላር ሁለት ለመባል ደግሞ ሁለቱም ያስፈልጋሉ፦ አንድ ሃይፖማኒያ፣ እና ሁለት ሳምንት ወይም ከዚያ በላይ የቆየ ከባድ ድባቴ። ባለቤትሽ ፊቱን ወደ ግድግዳ ያዞረበት ጊዜ ሁለተኛው ነው። 14 ገጹ ደብዳቤ ደግሞ የመጀመሪያውን ይመስላል።

«ይመስላል» ያልኩት ለጥንቃቄ ነው። የተነሳው ፀረ ድባቴ መድኃኒት ከጀመረ በኋላ ነው። መድኃኒቱ ብቻ ቀስቅሶት ሊሆን ስለሚችል ሐኪሙ ሌላ ማስረጃ ይፈልጋል። ለዚህ ነው ደብዳቤሽ ውስጥ የአማትሽን ንግግር ሦስት ጊዜ ያነበብኩት። «ድሮ ጎበዝ ነበር፤ እንቅልፍ አያውቅም ነበር።» ያኔ መድኃኒት አልነበረም። እናት እንደ ሙገሳ የተናገረችው ለሐኪም ትልቁ ፍንጭ ነው። የዚህ ሕመም ተንኮልም እዚሁ ላይ ነው። ወደ ታች ሲወርድ ሁሉም ያያል፣ ሁሉም ያዝናል፣ ሐኪም ቤት ይሄዳል። ወደ ላይ ሲወጣ ማንም አያማርርም። ቤተሰብ «ተመስገን፣ ተነሳ» ይላል። አለቃ ያመሰግናል። ሕመምተኛው ራሱ ከሁሉ የባሰ ደስተኛ ነው። «ደህንነት በዛብኝ» ብሎ ሐኪም ቤት የመጣ ሰው እስካሁን አላየሁም።

እኔም በዚህ ተሸውጃለሁ። ሥራ በጀመርኩ በሦስተኛው ዓመት ነው። ሠላሳ ዓመት ገደማ የሆነው ሰው በድባቴ ተኝቶ ፀረ ድባቴ መድኃኒት ተጀመረለት። መጀመሪያ ሰሞን ማንኪያ ማንሳት ይከብደው ነበር። በ12ኛው ቀን ተለወጠ። ሌሊት አሥር ሰዓት ላይ ከመቀመጫዬ ቀና ስል ኮሪደሩን በመወልወያ እየወለወለ አገኘሁት። የሁሉንም ብርድ ልብስ አጣጥፏል። የእያንዳንዱን ታካሚ የአልጋ ቁጥር በቃሉ ይዟል። «ሲስተር፣ እንቅልፍ ለሰነፍ ነው» አለኝ፤ ሳቅኩ። እውነቱን ልናገር፣ ደስ አለኝ። የሰውየው ማኅደር ላይ «ስሜቱ ተሻሽሏል፣ ተጫዋች ነው፣ ሠራተኞችን ያግዛል» ብዬ ጻፍኩ። የተኛው ሁለት ሰዓት ብቻ መሆኑን አልጻፍኩም። ጠዋት ሐኪሙ የጻፍኩትን አንብቦ አሰናበተው። በዘጠነኛው ቀን ወንድሙ መልሶ አመጣው። የወንድሙን መኪና በግማሽ ዋጋ ሸጦ፣ ገንዘቡን ለማያውቃቸው ሰዎች አድሎ፣ ከቤት ጠፍቶ ተገኘ። ወንድሙ ምንም ክፉ ቃል አልተናገረኝም። እሱ ባይናገረኝም እኔ ለራሴ ተናገርኩ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ማንኛውም ማኅደር ላይ የምጽፈው የመጀመሪያ መስመር የተኛበትን ሰዓት ነው። ስሜቱን ሁለተኛ ነው የምጽፈው።

ስለዚህ የመጀመሪያው ሐኪም ተሳስቶ ነበር ወይ ላልሽው፣ እኔ አልፈርድበትም። የባይፖላር ድባቴና የተራው ድባቴ ከፊት ለፊት ሲታዩ አንድ ናቸው። ሐኪም የሚያየው ከፊቱ የተቀመጠውን ሰው ነው፤ የዛሬ አሥር ዓመቱን የሚነግረው ከሌለ አያውቀውም። ትክክለኛው ስም እስኪገኝ ዓመታት መውሰዱ የተለመደ ነው። «ከዚህ በፊት እንቅልፍ ሳያስፈልግህ የበረታህበት ጊዜ ነበር?» ተብሎ ተጠይቆ እንደሆነ ግን ባለቤትሽን ጠይቂው። ካልተጠየቀ፣ ያ ጥያቄ መቅረቱ ነው ስሕተቱ።

አንድ ሥራ ልስጥሽ። ወረቀት በአግድሙ አስቀምጪ። መሐሉ ላይ ቀጥ ያለ መስመር አስምሪ፤ ያ ደህና የሆነበት ነው። ከግራ ወደ ቀኝ ዓመታቱን ጻፊ፤ ከ18 ዓመቱ ጀምሪ። ከመስመሩ በታች የወደቀባቸውን ጊዜያት፣ ከላይ የተነሳባቸውን ሳዪ። ለእያንዳንዱ ስንት ቀን እንደቆየና በቀን ስንት ሰዓት ይተኛ እንደነበር ጻፊ። መድኃኒት የጀመረበትንና ያቆመበትን ምልክት አድርጊ። እሱና እናቱ አብረውሽ ይቀመጡ። ብቻሽን ከሠራሽው የክስ ወረቀት ይመስልበታል። ይህን ይዘሽ ስትሄጂ ሐኪሙ በግማሽ ሰዓት ጠይቆ የማያገኘውን በአንድ ደቂቃ ያየዋል። ፀረ ድባቴውንም በራሳችሁ አታቁሙት፣ በራሳችሁም አታስቀጥሉት። ለብቻው ሲሰጥ አንዳንዱን ሰው ወደ ላይ ስለሚገፋ፣ የስሜት ማረጋጊያ ይጨመርለት ወይስ ይቀየር የሚለውን አዲሱ ሐኪም ይወስን።

«ሁለት ቀለል ያለው ነው?» ላልሽው፦ ወደ ላይ ሲወጣ አዎ፣ ከፍታው ዝቅ ያለ ነው። ኑሮው ግን ቀላል አይደለም። በአሜሪካ ባይፖላር ሁለት ያለባቸውን ሰዎች በአማካይ 13 ዓመት ያህል ሳምንት በሳምንት የተከታተለ ጥናት አለ፤ እ.ኤ.አ. በ2003 ታትሟል። ከሳምንታቱ ግማሽ ያህሉን ያሳለፉት የድባቴ ምልክት እያላቸው ነው። በሃይፖማኒያ ያሳለፉት ከ100 ሳምንት አንዱን ብቻ ነው። ባይፖላር አንድ ላይ የድባቴው ድርሻ ሲሦ ገደማ ነበር። እንግዲህ «ቀላሉ» የተባለው ቤት ውስጥ ጨለማው ይረዝማል። ስለዚህ ሲወድቅ በዓይንሽ ጠብቂው። መሞት ያስባል ብለሽ ከጠረጠርሽ ፊት ለፊት ጠይቂው። «ራስህን ለማጥፋት ታስባለህ?» ብለሽ፣ በእነዚሁ ቃላት። መጠየቅ ሐሳቡን አይተክልበትም፤ ብዙ ጊዜ ያቀልለታል። አዎ ካለሽ ለብቻው አትተዪው፤ መድኃኒትና ራሱን የሚጎዳበትን ነገር ከአጠገቡ አርቂ፤ የዚያኑ ቀን ድንገተኛ ክፍል ውሰጂው። በተለይ አንድ ሁኔታ አለ፦ ልቡ ጨልሞ ሰውነቱ ግን እረፍት የሚያጣበት፣ እያለቀሰ ክፍል ውስጥ የሚንጎራደድበት። ላይና ታች አንድ ላይ ሲመጡ ማለት ነው። ቅይጥ ይሉታል። እኔ ሌሊት ከሁሉ የምፈራው እሱን ነው፤ ሐሳቡም አለ፣ ለመፈጸም የሚሆነው ጉልበትም አለ።

ልጆቹን በተመለከተ፦ ሕመሙ በዘር ይሄዳል፤ ግን ዕጣ አይደለም። አንድ ወላጅ ባይፖላር ካለበት፣ ከ100 ልጆች ከ5 እስከ 10 የሚሆኑት ሊይዛቸው ይችላል። ከሌላው ሰው ይበልጣል። ሆኖም ዘጠና ምናምኑ አይያዙም። አሁን ምንም አታድርጊ። በአሥራዎቹ መጨረሻ ላይ እንቅልፋቸው ላይ ዓይንሽን ጣል አድርጊ፤ ይበቃል።

ጥያቄ ሁለት

«ሲስተር፣ 20 ዓመቴ ነው፣ ተማሪ ነኝ። ጠዋት ደስ ብሎኝ እነሳለሁ፣ እኩለ ቀን ላይ ሁሉም ነገር ያስጠላኛል፣ ማታ ደግሞ እስቃለሁ። ጓደኞቼ ‹ባይፖላሩ› ይሉኛል። ስቄ አልፋለሁ። ሌሊት ግን ስለ ሕመሙ ስልኬ ላይ ሳነብ አድራለሁ። ነኝ እንዴ?»
ስሜ ይቆይ

ወንድሜ፣ የጻፍክልኝ ብቻ ከሆነ አይመስለኝም። የባይፖላር ስሜት በሰዓት አይገለባበጥም። ሃይፖማኒያ በቀናት፣ ማኒያና ድባቴ በሳምንታትና በወራት ነው የሚቆጠሩት። «ፈጣን ተለዋዋጭ» የሚባለው ዓይነት እንኳ በ12 ወር ውስጥ አራት ጊዜ ወይም ከዚያ በላይ መውጣትና መውረድ ነው። አራት ጊዜ በዓመት! አንተ በአንድ ቀን ሦስት አድርሰኸዋል።

ሦስተኛም ዓይነት አለ፤ ሳይክሎታይሚያ ይባላል። የሚያነሳው ሙሉ ሃይፖማኒያ አይሞላም፣ የሚጥለውም ሙሉ ድባቴ አይሞላም። ግን ሰውየው ለሁለት ዓመትና ከዚያ በላይ አይረጋም፤ መሐል ላይ ሁለት ወር ተከታትሎ ደህና ሆኖ አያውቅም። ከ18 ዓመት በታች ላሉ አንድ ዓመት ይበቃል። የእሱ ነገር በጠባይ ይሳበባል፤ «እሱ እንዲሁ ነው» ይባልና ያልፋል።

ዕድሜህ ግን ሕመሙ ብዙ ጊዜ የሚጀምርበት ዕድሜ ስለሆነ ጨርሶ አልሸኝህም። አንድ ነገር ተመልከት። ሦስትና አራት ሰዓት ብቻ ተኝተህ፣ ይህም ለቀናት ተከታትሎ፣ አንድም ቀን ድካም ሳይሰማህ የሮጥክበት ጊዜ አለ? «ሳይሰማህ» የሚለውን ልብ በል። ስልክ ይዞ አድሮ ጠዋት የሚያንቀላፋ ሰው እንቅልፍ አጥቷል፤ ማኒያ የያዘው ሰው ደግሞ እንቅልፍ አላስፈለገውም። ልዩነታቸው የሰማይና የምድር ነው። እንዲህ ያለ ጊዜ ካለ፣ ወይም መዋዠቁ ትምህርትህን እያበላሸ ከሆነ፣ ሐኪም ጋ ሂድ። የታይሮይድ ዕጢ መዛባትም፣ አነቃቂ ዕፅም ስሜትን ያናውጣል፤ እነሱም ይታያሉ። እስከዚያው ስልኩን ሌላ ክፍል አስቀምጠህ ሁለት ሳምንት ተኛና ጻፍልኝ።

ጓደኞችህን ደግሞ ሌላ ስም ያውጡልህ በላቸው። ባይፖላር የያዘው ሰው አጠገባችሁ ተቀምጦ እየሰማ ሊሆን ይችላል።

ጥያቄ ሦስት

«የተከበሩ ሲስተር። 63 ዓመቴ ነው። ልጄ 27 ዓመቷ ነው። ከሦስት ዓመት በፊት ማኒያ ተብላ አንድ ወር ሆስፒታል ተኝታ ነበር። ሊቲየም ትወስዳለች። ደህና ሆናለች፤ ሥራዋን ትሠራለች፤ ዘንድሮ አገባች። አሁን ‹ድኛለሁ፣ መድኃኒቱን ልተወው› ትላለች። እጇ ትንሽ ይንቀጠቀጣል፣ ውሃ ቶሎ ቶሎ ይጠማታል። መውለድም ትፈልጋለች። ላስገድዳት ወይስ ዝም ልበል?»
እናት

እናቴ፣ አያስገድዷት። ዝምም አይበሉ። መጀመሪያ ስለ ሊቲየም አንድ ታሪክ ልንገርዎትና እሷም ታንብበው።

ይህን መድኃኒት ለማኒያ የሞከረው ጆን ኬድ የሚባል አውስትራሊያዊ የአእምሮ ሐኪም ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት በጃፓኖች ተማርኮ ዓመታት ያሳለፈ ሰው ነበር። መጀመሪያ ጊኒ ፒግ በሚባሉ ትንንሽ እንስሳት ላይ ሞከረው፤ ረጋ አሉለት። ውጤቱን እ.ኤ.አ. በ1949 አሳተመ። መጀመሪያ የሰጠው ለ51 ዓመት ሰው ነው። ይህ ሰው አምስት ዓመት ሙሉ ማኒያ ሳይለቀው ክፍሉን ሲያምስ የኖረ ነበር። በሳምንታት ውስጥ ረጋ። በወራት ውስጥ ወደ ቤቱና ወደ ቀድሞ ሥራው ተመለሰ። ይህን ያህሉን ብዙ ሰው ያወራዋል። ቀጥሎ ያለውን ግን አያወራውም፦ ሰውየው ደህና ነኝ ብሎ መድኃኒቱን ተወ፤ ብዙም ሳይቆይ ተመልሶ ሆስፒታል ገባ። እንደገና ተጀመረለት። በሚቀጥለው ዓመት ሊቲየሙ ራሱ መርዞት ሞተ። በደም ውስጥ ያለውን መጠን እየለኩ መስጠት ያኔ አልተለመደም ነበር።

በዚህ በአንድ ሰው ታሪክ ውስጥ የልጅዎ ጥያቄ በሙሉ አለ። ደህና የሆነችው ድና ሊሆን ይችላል፤ መድኃኒቱ ይዟት ሊሆንም ይችላል። ከውጭ ሲታዩ አንድ ናቸው። በድንገት ማቆም ደግሞ የማገርሸት አደጋውን ይጨምራል። ሐኪም ራሱ ለማቆም ቢወስን ቢያንስ አራት ሳምንት፣ ቢቻል እስከ ሦስት ወር ወስዶ ቀስ በቀስ ነው የሚቀንሰው። ስለዚህ «ትተዪዋለሽ አትተዪውም» ብለው አይጨቃጨቁ። «ሐኪሙ ፊት ሆነን እንነጋገር» ይበሏት።

ስለ እጇና ስለ ውሃ ጥሙ፦ ሁለቱም በሊቲየም የታወቁ ናቸው። ግን መጨረሻ ደሟ የተለካው መቼ ነው? አብዛኛውን ጊዜ የሚፈለገው መጠን በሊትር ከ0.6 እስከ 1.0 ሚሊሞል ነው። ደሙ የሚቀዳው የመጨረሻውን ኪኒን ከወሰደች 12 ሰዓት ሲሆናት ነው። ጠዋት ውጣ ሄዳ የምትመረመር ከሆነ ውጤቱ ያሳስታል፤ ይህን ስንቱ ሰው ሳይነገረው ይቀራል። ኩላሊቷና ታይሮይዷም በየጊዜው መታየት አለባቸው። ሊቲየም ጨው ነው፤ ኩላሊት ከሌላው ጨው ጋር ያደናግረዋል። ስለዚህ ተቅማጥና ትውከት ሲይዛት፣ ብዙ ሲያልባት፣ ወይም ጨው በድንገት ስትቀንስ ሰውነቷ ሊቲየሙን ይይዘዋል። ለራስ ምታት ብላ ኢቡፕሮፌን ወይም ዲክሎፌናክ ብትወስድም እንደዚሁ መጠኑ ከፍ ይላል፤ ፓራሲታሞል ይሻላታል። መንቀጥቀጡ ብሶ ኩባያ መያዝ ካቃታት፣ እንደ ሰካራም ከተንገዳገደች፣ ምላሷ ከተሳሰረ፣ ካስመለሳት ቀጣዩን ኪኒን ሳትውጥ በቀጥታ ድንገተኛ ክፍል።

ልጅ መውለዱን ከማርገዟ በፊት ነው የሚመካከሩበት፤ ቢቻል ወራት ቀድሞ። ሊቲየም በመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት በፅንሱ ልብ ላይ ትንሽ የአደጋ ስጋት አለው። ማቆም ደግሞ የራሱ አደጋ አለው። ሁለቱን የሚመዝኑት እሷ፣ ባሏና ሐኪሟ ናቸው። «በሌላ ይቀየርልኝ» ካለች ግን ቫልፕሮኤት እንዳይሆን። ልጅ ለምትፈልግ ሴት አይመከርም፤ ፅንሱን ክፉኛ ይጎዳል።

የሚያሳስበኝ ግን ከወሊድ በኋላ ያሉት የመጀመሪያ ሳምንታት ናቸው። ባይፖላር አንድ ያለባት ሴት ላይ ከሁሉ ይልቅ የሚያገረሽበት ወቅት ይህ ነው። እንቅልፍ የሚጠፋውም ያኔ ነው። እርስዎ የሚያስፈልጉት እዚህ ጋ ነው እንጂ ኪኒን በማስዋጥ አይደለም። ሌሊት ሕፃኑን የሚይዝ ሌላ ሰው ይኑር፤ ቢያንስ አምስት፣ ስድስት ሰዓት ሳትቆራረጥ ትተኛ። ማን በየትኛው ሌሊት እንደሚያድር ከመውለዷ በፊት ተጽፎ ይለቅ።

ሌላ ወረቀትም አለ፤ እሷ ራሷ አሁን ደህና ሳለች በእጇ የምትጽፈው። ሲጀምራት የሚታዩት ሦስት ምልክቶች፣ ያኔ ማን እንዲነግራት እንደምትፈልግ፣ ማን ሐኪም ጋ እንዲደውል። ማኒያ ውስጥ ያለ ሰው የእናቱን ምክር አይሰማም፤ የራሱን የእጅ ጽሑፍ ሲያይ ግን አንዳንዴ ቆም ይላል። ያ የዓለምን ትምህርት ቤቶች በአንድ ስልክ ሊያገናኝ የነበረው ሰውዬ ከመውጣቱ በፊት አብረን ጻፍን። እኔ «በሁለት ተከታታይ ሌሊት ከአምስት ሰዓት በታች ከተኛሁ» ብዬ ልጀምርለት ስል፣ እስክሪብቶውን ተቀበለኝና ከላይ የራሱን አስቀደመ፦ «ሲስተርን ምክትሌ አድርጌ ከሾምኩ፣ ስልኬን ለወንድሜ ስጡ።»